ካሸሯ 8,500፣ ሱፐርቫይዘሯ 9,000

ከደብዳቤው፦

«አያት አካባቢ ባለ አንድ ሱፐርማርኬት አራት ዓመት ከስምንት ወር ሠርቻለሁ። በካሸርነት ገብቼ ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ የከሰዓት ፈረቃ ሱፐርቫይዘር ነኝ። በሥሬ አሥራ አንድ ልጆች አሉ። ደመወዜ 9,000 ብር ነው፤ ባለፈው ወር የገባችው አዲስ ካሸር በ8,500 ተቀጠረች። በሳምንት ስድስት ቀን ከቀኑ 7 ሰዓት እገባለሁ። ሱቁ ማታ 3 ሰዓት ይዘጋል፤ የአራቱን ካሽ ሬጅስተር ሒሳብ ዘግቼ ስወጣ ግን 4 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ቤቴ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። በዚያ ሰዓት ሚኒባስ ስለማይገኝ ከሁለት ልጆች ጋር ኮንትራት እንይዛለን፤ የኔ ድርሻ በቀን 70 ብር ነው። ጉድለት ሲመጣ ከእኔም ይቆረጣል፤ ባለፈው ወር 1,850 ብር ሄዶብኛል። የሱቁ ባለቤት የጋሼ የወንድም ልጅ በካሸሮቹ ፊት ያልኩትን ይሽራል። ጭማሪ ስጠይቅ ‹አንቺ እኮ ቤተሰብ ነሽ፣ እናያለን› እባላለሁ። አሁን ደግሞ ምክትል ሥራ አስኪያጅ አደርግሻለሁ ብለውኛል፤ ስለ ብሩ ያሉት ነገር የለም። ልልቀቅ ወይስ ልታገሥ?»

የደከማት፣ ከአራብሳ

እህታችን፣ በደብዳቤሽ ውስጥ አራት ነገር ተጠላልፏል። ሕጉ ቀድሞውኑ የሰጠሽና ያልተከፈለሽ ገንዘብ አለ። ገበያው የሚያወጣልሽና ልትጠይቂው የሚገባ ጭማሪ አለ። ሳታምኚበት የሚቆረጥብሽ አለ። አራተኛው በሰው ፊት መዋረዱ ነው። አራቱን በአንድ ትንፋሽ ለጋሼ ከነገርሻቸው የሚመልሱልሽ የሚቀላቸውን ነው፤ «ቤተሰብ ነሽ» ማለት ደግሞ ምንም አያስወጣም። ስለዚህ እያንዳንዱን ለየብቻው እናውጣው። መጀመሪያ ግን እጅሽ ላይ በትክክል ስንት እንደሚቀር እንይ።

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ መሠረት የ9,000 ብር ግብር በ25 በመቶ ተባዝቶ 850 ሲቀነስ 1,400 ብር ነው። የጡረታ መዋጮሽ 7 በመቶ፣ ማለትም 630 ብር ነው። እጅሽ የሚገባው 6,970 ይሆናል። የማታው ኮንትራት በወር 26 ቀን ሲሰላ 1,820 ብር ይወስዳል። 5,150 ቀረ። ባለፈው ወር የተቆረጠው 1,850 ሲነሳለት 3,300። ለአሥራ አንድ ሰው ኃላፊ የሆነች ሴት ቤቷ ይዛ የገባችው ይህን ነው። አዲሷ ካሸር የጠዋት ፈረቃ ከሆነችና ጉድለት ካልደረሰባት ከአንቺ የተሻለ ይዛ ትገባለች። «ያነሰ ይከፈለኛል» የሚለው ስሜትሽ ልክ መሆኑን ስሌቱም ይመሰክርልሻል። ነገር ግን ልብ በዪ፤ ትልቁ ቀዳዳ ያለው ደመወዙ ላይ ብቻ አይደለም፣ ከ3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜም ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከ7 እስከ 3 ስምንት ሰዓትሽ አልቋል። ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ ሰዓት ነው። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.5 ተባዝቶ ይከፈላል፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፤ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፤ በሕዝብ በዓል በ2.5። እንግዲህ የአንቺ አንድ ሰዓት ተኩል ለሁለት ይከፈላል፦ እስከ 4 ያለው አንድ ሰዓት በ1.5፣ ከ4 በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት በ1.75።

የሰዓት ክፍያሽን ለማግኘት ደመወዝሽን ለ208 አካፍዪ። 208 ከየት መጣ ቢሉሽ፣ በሳምንት 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል ነው። 9,000 ሲካፈል ለ208፣ 43 ብር ከ27 ሳንቲም ይሆናል። በየማታው የሚገባሽ ትርፍ ወደ 102 ብር ከ76 ነው፤ በ26 ቀን ወደ 2,672 ብር። እሱም ከደመወዝሽ ጋር ተደምሮ ግብር ስለሚነሳለት የተጣራው ወደ 1,920 ይጠጋል። እራት የምትበዪበት እውነተኛ የዕረፍት ጊዜ ካለሽ ከስሌቱ ቀንሺው። ቆማ እየበላች ካሸር የምትተካ ሰው ግን ዐርፋለች አይባልም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ብዙ ሰው ያበላሻል። አንደኛው ይርጋ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ይታገዳል። ሁለት ዓመት ብትሠሪም ዛሬ ልትጠይቂው የምትችይው ያለፉትን ስድስት ወራት፣ ወደ 16,000 ብር ገደማ ነው፤ አንድ ወር በዘገየሽ ቁጥር ከኋላ አንድ ወር ይወድቃል። አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነልሽ፣ ወይም ጉዳዩን ለሚመለከተው የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወይም ለፍርድ ቤት ካቀረብሽ፣ ይርጋው ይቋረጣል። በቃል «እናያለን» ማለት አያቋርጠውም።

ሁለተኛው ማስረጃ ነው። ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ የተሠራ መሆን አለበት። «ራሷ ፈልጋ ቆየች» የሚል መልስ እንደሚመጣ ቁጠሪ። ስለዚህ በቴሌግራም የተላከልሽ «ሒሳቡ ሳይዘጋ እንዳትወጡ» የሚል መልእክት ካለ አትሰርዢው። ከሌለ ደግሞ አንድ ማታ በትሕትና ጻፊላቸው፦ «ጋሼ፣ የዛሬው ሒሳብ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ተዘግቷል። ነገም ሁሉም ተቆጥሮ እስኪያልቅ ልቆይ?» «አዎ» ቢሉሽ ትእዛዙ ተገኘ። በአንድ ደብተር ቀን፣ የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት፣ ለምን እንደቆየሽ በየማታው አስፍሪ። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ዜድ ሪፖርት፣ ማለትም የዕለቱን ሽያጭ ጠቅልሎ የሚያሳየውን ወረቀት፣ ሲያወጣ ሰዓቱን ያትማል፤ የሪፖርቱን ቁጥርና ሰዓት ደብተርሽ ላይ ገልብጪ። ሪፖርቱን በስልክ ፎቶ አታንሺው። የድርጅቱን የሽያጭ መረጃ አወጣች ተብሎ አንቺው ተከሳሽ ብትሆኚ ምን ይጠቅምሻል? የመውጫ ፊርማ 3 ሰዓት ላይ አስፈርመው ከዚያ ቆጠራ የሚያስቆጥሩ ከሆነ ደግሞ የምትወጪበትን እውነተኛ ሰዓት እንጂ የተነገረሽን ሰዓት አትጻፊ።

ለጋሼ ግን ዕዳቸውን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ፤ መውጫም ያዢላቸው። አራቱም መሣሪያ 3 ሰዓት ላይ በአንዴ መዘጋታቸው ነው አንቺን የሚያስመሸው። ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ገበያተኛው ይሳሳል። አንደኛውን በ2 ሰዓት ተኩል፣ ሁለተኛውን በ2 ከ45 ዝጊ፤ ዜድ ሪፖርቱን አውጥተሽ ካሸሯ ፊት ቁጠሪ፤ ያ መሣሪያ ከዚያ በኋላ አይሸጥም። ሦስተኛው 3 ሰዓት ሲሆን ይዘጋል። ከ3 በኋላ የሚቀርሽ የመጨረሻው መሣሪያና ማጠቃለያው ብቻ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። በበዓል ዋዜማ ይህ አይሠራም፤ ያን ሰሞን አራቱም እስከ መጨረሻው ይሸጣሉ፣ ትርፍ ሰዓቱም ይከፈላል። በአዘቦት ቀን ግን ሚኒባስ ሳይጠፋ ትወጪያለሽ፣ ጋሼም ብዙ ትርፍ ሰዓት አይከፍሉም። እንደ እኛ ግምት ከጭማሪው በፊት የሚሰጡሽ ይህንን ነው፤ ገንዘብ አያስወጣቸውማ።

አሁን ወደ «ምክትል ሥራ አስኪያጅ» እንምጣ። ደስ የሚል ስም ነው፤ እናትሽ ቢሰሙ እልል ይላሉ። ነገር ግን አዋጁ «የሥራ መሪ» የሚላቸውን ሰዎች አይመለከትም። የሥራ መሪ የሚባለው የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን ያለው፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ወይም የመመደብ ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው። በዚህ ምድብ ከገባሽ በአዋጁ የተቀመጡት የሰዓት ገደብ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና የስንብት ክፍያ ካንቺ ይርቃሉ፤ ጉዳይሽ በውልሽና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይዳኛል። ሚዛን የሚደፋው ስሙ ሳይሆን በተግባር የያዝሽው ሥልጣን ነው። ዛሬ የፈረቃ ድልድል ረቂቅ አዘጋጅተሽ ጋሼ የሚያጸድቁት ከሆነ፣ ስትቀጥሪም ስታባርሪም ካልነበረ፣ ሠራተኛ ነኝ ብለሽ መከራከር ትችያለሽ። ነገ «ምክትል ሥራ አስኪያጅ፣ ሠራተኛ ትመድባለች፣ ታግዳለች» የሚል ደብዳቤ ብትፈርሚ ግን ክርክሩን ራስሽ ዘጋሽው ማለት ነው። ብር ያልተጻፈበት ዕድገት ለአንቺ ዕድገት ላይሆን ይችላል፤ ያለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ እስከፈለጉት ሰዓት ማቆያ ሊሆን ይችላል። ሹመቱን እምቢ በዪ አንልሽም። ደብዳቤው ላይ ደመወዙ፣ የሚጀምርበት ቀንና የሥራ ዝርዝሩ ሳይሰፍር አትፈርሚ ነው የምንልሽ። ደመወዙም የምታጪውን ትርፍ ሰዓትና ሌላውን ጥበቃ የሚያካክስ ይሁን።

ጉድለቱን በተመለከተ ትንሽ እንቆይ፤ ሱፐርቫይዘሮች በዝምታ የሚደሙት እዚህ ላይ ነውና። ከደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ሲደነገግ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዝ ሲሶ ሊበልጥ አይችልም። የአንቺ ሲሶ 3,000 ነው፤ ስለዚህ 1,850ው ከጣሪያው በታች ነው። «በዛ» ብለሽ ሳይሆን «በምን መሠረት?» ብለሽ ጠይቂ። መጀመሪያ ግን የቅጥር ውልሽን አውጥተሽ አንብቢው፤ ብዙ ቦታ «ለሚደርስ ጉድለት በጋራ እጠየቃለሁ» የምትል አንዲት መስመር ትገኛለች፤ ያኔ ሥራ ለመግባት ቸኩሎ ማን አነበባት! ዋስሽ የሆነው ሰውም የፈረመበትን ወረቀት ይመልከት፤ አንቺን የሚነካ ጉድለት ነገ እሱ በር ላይ ይቆማል።

የጉድለቱን ምንጭ ደግሞ ቁጥር በቁጥር ለዪው። በሱፐርማርኬት ሒሳብ የሚጎድለው ሁሉ ተሰርቆ አይደለም። ደንበኛ በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር ከፍሎ መሣሪያው ላይ «ጥሬ ገንዘብ» ተብሎ ይመታል፤ ማታ ሣጥኑ ሲቆጠር ይጎድላል፣ ሒሳቡ ላይ ግን ገንዘቡ አለ። ደንበኛ የከፈለ የሚያስመስል የስልክ ምስል (ስክሪንሾት) አሳይቶ ዕቃ ይዞ ይሄዳል፤ ገንዘቡ ጨርሶ አልገባም። የድርጅቱ ሒሳብ እያለ ዝውውሩ ወደ አንድ የቤተሰብ አባል የግል ሒሳብ ይላካል። ጋሼ ራሳቸው ለቤት አንድ ካርቶን ዘይት ያስጭናሉ፣ የወንድም ልጁ ሁለት ለስላሳ ይከፍታል፤ ደረሰኝ የለም፣ በቆጠራ ቀን ግን ጉድለቱ የአንቺ ፈረቃ ይባላል። ጊዜው ያለፈበት እርጎና የተሰበረ እንቁላል ሳይመዘገብ ይጣላል።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ እንዲህ አድርጊ። እያንዳንዷ ካሸር ፈረቃ ስትጀምር ለመልስ የሚሰጣትን መነሻ ዝርዝር ብር ከአንቺ ጋር ቆጥራ ትፈርም፤ ስትጨርስም እሷ ባለችበት እንጂ ከሄደች በኋላ አይቆጠር። በአንድ ገጽ ላይ አራት ረድፍ ይኑር፦ ጥሬ ገንዘብ፣ ቴሌብር፣ የባንክ ዝውውር፣ ካርድ። የእያንዳንዱ ድምር ከዜድ ሪፖርቱ ጋር ይመሳከር፤ ልዩነት ካለ በየትኛው ረድፍ እንደሆነ ያኔውኑ ይታያል። ዝውውር የሚታመነው በደንበኛው ስልክ ሳይሆን በድርጅቱ ስልክ መልእክቱ ሲገባ ብቻ ነው፤ ኔትወርክ ዘገየ ቢሉም ዕቃው ይቆያል። ባለቤቶች የሚወስዱት ዕቃ ሁሉ «የቤት ወጪ» በሚል ደብተር ላይ ቀን፣ ዓይነትና መጠን ይጻፍበት። ይህን ለጋሼ ስትነግሪያቸው ክስ አታስመስዪው፤ «የግብር ሒሳባችን እንዳይምታታ» በያቸው፤ እውነትም ነው። የተበላሸ ዕቃም በሳምንት ሁለት ቀን ተቆጥሮ በሁለት ፊርማ ይወገድ። አንቺ በሌለሽበት የተደረገ ቆጠራ ላይ ፈርሚ ከተባልሽ «ቆጠራው እኔ በሌለሁበት የተደረገ ነው» ብለሽ ከፊርማሽ በላይ ጻፊ። ይህን አሠራር ሁለት ወር ከያዝሽ ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ወይ ጉድለቱ ይቀንሳል፣ ወይ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ሁለቱም ለጭማሪ ጥያቄሽ ስንቅ ናቸው።

ጭማሪውስ? በግሉ ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ «ሕጉ ይህን ያህል ይላል» ልትዪ አትችይም። የምትደገፊው ገበያውንና የራስሽን ሥራ ነው። በሲኤምሲ፣ በሰሚትና በመገናኛ በኩል ካሉ ተመሳሳይ ሱቆች ቢያንስ የአራቱን አጣሪ፤ በቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያ ብቻ ሳይሆን እዚያ የሚሠራ ሰው ጠይቀሽ። ስትጠይቂ ደመወዙን ብቻ አትያዢ፤ ፈረቃው ስንት ሰዓት ነው፣ ጉድለት ማን ይከፍላል፣ የማታ መኪና አለ ወይ፣ ደመወዙ በሙሉ በፔሮል ነው ወይስ ግማሹ በእጅ? ከወሬ የሰማሽውን ትልቅ ቁጥር ይዘሽ ብትገቢ ጋሼ አንድ ስልክ ደውለው ያፈርሱብሻል።

የኑሮ ውድነትን መነሻ አታድርጊው። እውነት ነው፣ ግን እሳቸውም ኪራዩን፣ የዘይቱን ዋጋ፣ ዶላሩን ይቆጥሩልሻል፤ ሁለታችሁም ተማራችሁ ትለያያላችሁ። ይልቅ ሱቁ ላይ ያመጣሽውን በብር አሳዪ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሲወደድ የሚበላሽና የሚጎድል ዕቃም ዋጋው አብሮ ወጥቷል፤ አንድ ጣሳ የሕፃን ወተት ቀኑ ሳያልፍበት ወደ ፊት ረድፍ ማምጣትሽ ከበፊቱ ይልቅ ዛሬ ብዙ ብር ያድናል። የሦስት ወር የብልሽት መዝገብ፣ አሠልጥነሽ ያበቃሻቸው ካሸሮች ብዛት፣ ጋሼ በሌሉበት ሱቁን ከፍተሽ የዘጋሽባቸው ቀናት፤ ከአንድ ገጽ አይለፍ።

ምን ያህል እንደምትጠይቂ ከሰበሰብሻቸው ዋጋዎች ይወሰን። ለስሌት ያህል 12,000 እንበል። ግብሩ 2,250፣ ጡረታው 840፣ እጅሽ የሚገባው 8,910። ስለዚህ የ3,000 ብር ጭማሪ ለአንቺ 1,940 ብቻ ነው፤ ጋሼ ግን 11 በመቶ የአሠሪ ጡረታ ጨምረው 3,330 ያወጣሉ። ይህን ልዩነት ማወቅሽ ሁለት ነገር ይረዳሻል። «3,000 እኮ ነው የጨመርኩልሽ» ሲሉሽ ኩርፊያ ውስጥ አትገቢም፤ ሲከብዳቸውም የማታውን ኮንትራት ድርጅቱ ይክፈል ብለሽ መደራደር ትችያለሽ። ለሦስታችሁ በወር 5,460 ብር ነው፤ ለአንቺ ብቻ 1,820 ብር ከኪስሽ አይወጣም። አንድ ነገር ግን አትቀበዪ፦ «ፔሮሉ 9,000 ይሁን፣ ሌላውን በእጅሽ እሰጥሻለሁ»። ያ ብር ጡረታሽ ላይ፣ ስንብትሽ ላይ፣ ባንክ ብድር ስትጠይቂ የለም፤ የተናደዱ ቀንም ይቀራል። አበልም ቢሆን እንደዚሁ ነው፤ በሕጉ ትርጉም ደመወዝ ሲባል አበልና ጉርሻን አይጨምርም። መሠረታዊው ደመወዝ ይደግ በዪ። በነካ እጅሽ የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ይዘሽ የሚቆረጥብሽ 7 በመቶ በእርግጥ እየገባልሽ መሆኑን አጣሪ።

ጊዜውን ምረጪ። የበዓል ሰሞን፣ የቆጠራ ሳምንትና ቅዳሜ አይሆኑም። የብዙ ድርጅቶች በጀት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ግንቦት ወይም ሰኔ መጀመሪያ ጥሩ ነው፤ ያ ከራቀ ግን አትጠብቂው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ ፈረቃሽ ሳይጀምር፣ ካሽ ሬጅስተር አጠገብ ሳይሆን ቢሮ ውስጥ ይሁን። በአማላጅ አታስነግሪ፤ በሰው የተላከ የደመወዝ ጥያቄ ቅሬታ መስሎ ይደርሳል። እንዲህ ልትዪ ትችያለሽ፦ «ጋሼ፣ እንደ ልጅዎ ስላቀረቡኝ አመሰግናለሁ። ዛሬ ግን እንደ ሠራተኛዎ ነው የመጣሁት። ሁለት ወረቀት ይዣለሁ። አንዱ የትርፍ ሰዓቴ ሒሳብ ነው፣ ከነመፍትሔው። አንዱ የደመወዝ ጥያቄዬ ነው። አንብበው እስከ መቼ እንደሚመልሱልኝ ቀን ይንገሩኝ።» ከዚያ ዝም በዪ። ዝምታው ሲከብድሽ «ባይሆንም ችግር የለም» ብለሽ ራስሽ እንዳታፈርሺው። «እናያለን» ካሉ «እሺ ጋሼ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ ልምጣ?» በዪ፤ ማታውኑ በቴሌግራም «ዛሬ ስለተነጋገርነው አመሰግናለሁ፣ ማክሰኞ እመጣለሁ» ብለሽ ጻፊ። ሌላ ሥራ በእጅሽ ሳይኖር «ሌላ ቦታ ጠርተውኛል» አትበዪ፤ «ሂጂ እንግዲህ» ቢሉሽ የት ትገቢያለሽ?

የወንድም ልጁን ነገር ከብሩ ለዪውና በሌላ ቀን አንሺው። «አይንቀኝ» ብለሽ አትጀምሪ፤ መናቅ አይለካም። ባለፈው ወር ሁለት ትእዛዝ የተጋጨባቸውን ሦስት ቀናትና ያመጡትን ጣጣ ንገሪያቸው፦ የተመለሰ ዕቃ ሁለት ጊዜ ተመዘገበ፣ ካሸር ያለ ፈረቃዋ ተላከች። ከዚያ ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቂ። በከሰዓት ፈረቃ ካሸሮች ትእዛዝ የሚቀበሉት ከአንድ ሰው ይሁን። ዕቃ መመለስንና የዋጋ እርማትን እስከተወሰነ ብር ድረስ አንቺ አጽድቂ፣ ከዚያ በላይ ጋሼ። ይህ የሠራተኛ መቅጠርና ማሰናበት ሥልጣን ስላልሆነ ወደ ሥራ መሪነት አይገፋሽም። ልጁ በሰው ፊት ሲሽርሽ ያኔውኑ አትከራከሪው፤ «እሺ፣ የአንተን እንመዝግበውና ነገ ጋሼ ይዩት» ብለሽ ደብተሩን ክፈቺ። በስሙ የተጻፈ ትእዛዝ ብዙ ሰው ያርማል።

ልልቀቅ ወይ ላልሽው፣ ቁርጡን እንንገርሽ፦ ከአራት ወር በፊት አትልቀቂ፤ ያኔ አምስት ዓመት ይሞላሻል። አምስት ዓመት የሞላው ሠራተኛ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለበት በራሱ ፈቃድ ቢለቅ እንኳ የስንብት ክፍያ ያገኛል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ። በ9,000 ሲሰላ 21,000 ብር፤ ደመወዝሽ እስከዚያ 12,000 ከሆነ 28,000። ዛሬ ተናደሽ ብትወጪ ይህን ጥለሽ ነው። ስትለቂ የ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጪ፣ ቅጂው ላይ ተቀባዩ ይፈርም፤ ሳትሰጪ ብትሄጂ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ልትጠየቂ ትችያለሽ። የቀረሽ ክፍያ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ሊከፈልሽ ይገባል፤ ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል።

ትርፍ ሰዓቱን እምቢ ካሉሽ ግን አቤት ለማለት አራቱን ወር አትጠብቂ፤ ይርጋው እየበላሽ ነው። ሱቁ በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሥር ከሆነ ወደ ክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያዩትን ጠይቂ። ደብተርሽን፣ የቅጥር ደብዳቤሽን፣ የስድስት ወር የደመወዝ ወረቀትና የቴሌግራም መልእክቶቹን ይዘሽ ሂጂ። መጀመሪያ ለማስማማት ይሞክራሉ፤ ካልሆነ ፍርድ ቤት ነው፣ ሠራተኛም ለዚህ ዳኝነት አይከፍልም። በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንዳልሆነ አዋጁ በግልጽ አስቀምጧል። ቢሆንም ትንሽ ሱቅ ውስጥ ከዚያ በኋላ ፊት መጥቆሩ አይቀርም፤ ይህንንም አስበሽበት ግቢ።

አንድ ወረቀት ግን ነገ ጠዋት ጠይቂ፦ የሥራ ልምድ ማስረጃ። አሠሪ ይህን የሚሰጠው ሠራተኛ ሲለቅ ብቻ ሳይሆን በጠየቀ ጊዜ ሁሉ፣ ያለ ክፍያ ነው፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን ይገልጻል። «ለምን ፈለግሽው?» ቢሉሽ ለቁጠባና ብድር በያቸው። «ሱፐርቫይዘር» የሚለውና የሁለት ዓመቱ ጊዜ መጻፉን ሳታረጋግጪ ከቢሮው አትውጪ፤ ብዙ ጊዜ መዝገቡ ላይ የምትገኚው አሁንም «ካሸር» ተብለሽ ነው።